ለግመሎች ብቻ የሚሆን መንገድ

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ጥፋት ልናዘዝልህ ነው። ጥፋቱ ትንሽ ነው፤ ዋጋው ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ነገር ግን ሦስት ነጥብ ለተማሪ ምን ማለት እንደ ሆነ አንተም በወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ያየኸው ስለ ሆነ አትስቅብኝም ብዬ አምናለሁ።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ላይ ስለ ኢጣልያ ወረራ ካቀረብኋቸው ጥያቄዎች አንዱ «የሆርና የላቫል ዕቅድ የፈረሰው በምን ምክንያት ነው?» የሚል ነበረ። ክፍሉ በሙሉ እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ገልብጦ «የዓለም ሕዝብ ስለ ተቃወመው» ሲል መለሰ። አንድ ልጅ ብቻ፣ ከኋላ በመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ «የእንግሊዝ አገር ወግ አጥባቂዎች ስለ ተቆጡ» ብሎ ጻፈ። እኔም በቀይ እስክርቢቶ ሠረዝ አደረግሁበትና ከጎኑ «ወግ አጥባቂዎቹማ የሸጡን ናቸው!» ብዬ ጻፍሁበት። ከሦስት ዜሮ።

ወረቀቱን በመለስሁ ዕለት ልጁ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «መምህር፣ ሆርን ከሹመቱ ያስወረደው የራሱ ፓርቲ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነበረ፤ መልሱን ግን አላውቀውም ነበር። አስተማሪ መልስ ሲያጣ የሚያደርገውን አደረግሁ። «የቸርችል የልጅ ልጅ መሆንህን እስከ ዛሬ አልነገርኸንም ነበር» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሳቁን ያስነሣሁት እኔ ነኝና ያን ሌሊት እንቅልፍ እንደ ልቤ አልወሰደኝም። «ወግ አጥባቂዎች ሸጡን» የሚለውን ቃል ከየት አገኘሁት? ከራሴ አስተማሪ ነው። እርሱ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ ሲናገረው እንዴት ያምርበት እንደ ነበረ ትዝ ይለኛል። እርሱስ ከየት አገኘው? ምናልባት ከእርሱ አስተማሪ። በዚህ ዓይነት አንድ ዐረፍተ ነገር ማንም ሳይመረምረው ከክፍል ወደ ክፍል ሲተላለፍ ሰማንያ ዓመት ይሞላዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የዚያን ዘመን መጻሕፍት አስወጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። ብዙ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ያገኘሁትን ልንገርህ፤ ዘመኑን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።

ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ አገሩ የማኅበሩን ቃል ኪዳን ጠብቃ ጠብ አጫሪውን ከሌሎቹ ጋራ ሆና እንደምትቋቋም ተናገረ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ኅዳር 4 ቀን እንግሊዞች የምክር ቤት ምርጫ አደረጉ፤ ወግ አጥባቂዎቹ ዋና የሆኑበት የቦልድዊን መንግሥት «ለማኅበሩ ታማኞች ነን» ብሎ ተወዳድሮ በሰፊው አሸነፈ። ኅዳር 8 ቀን በኢጣልያ ላይ የኤኮኖሚ ቅጣት ተጀመረ፤ ነዳጅ ዘይት ግን በቅጣቱ ውስጥ አልገባም፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ጦርነት የሚካሄደው በነዳጅ ዘይት መሆኑን ሙሶሊኒም እንግሊዞችም እኩል ያውቁ ነበር።

ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ነበሩ፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም በዚያ ስለ ነበሩ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታል እንኳ እንዳልተማረ በዓይናቸው አይተው ለየጋዜጦቻቸው ላኩ። በማግሥቱ ሆር ለዕረፍት ወደ ስዊስ አገር ሲያልፍ ፓሪስ ገባ። ከፈረንሳዩ ላቫል ጋራ ሁለት ቀን ተቀምጠው አንድ ዕቅድ አወጡ። ከትግራይ፣ ከደንከልና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለኢጣልያ እንዲሰጥ፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ኢጣልያኖች የሚሰፍሩበትና የሚነግዱበት ታላቅ ክፍል እንዲከለል፤ ለኢትዮጵያ በምትኩ ወደ ባሕር የሚያወጣ አንድ ቀጭን መተላለፊያ እንዲሰጣት ተስማሙ።

ምስጢሩ ውሎ አላደረም። ኅዳር 29 ቀን ሁለት የፓሪስ ጋዜጦች፣ አንዱ የግራ አንዱ የቀኝ፣ ዕቅዱን አወጡት። ሆር ስዊስ ገብቶ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ አፍንጫውን ሰበረ። (የታሪክ አስተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር መውደድ አይገባው ይሆናል፤ እኔ ግን ባነበብሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።)

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ለተማሪዬ ዜሮ ያሰጠው። የሎንዶኑ «ታይምስ» በዚያ ዘመን ባለሥልጣኖችና የከተማው ትላልቅ ሰዎች የሚያነቡት፣ ጠባዩ ወግ አጥባቂ፣ አዘጋጁ ጄፍሪ ዶውሰንም የቦልድዊን ወዳጅ የሆነ ጋዜጣ ነበረ። ለኢትዮጵያ በሚሰጠው መተላለፊያ ላይ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት እንደማይፈቀድላት ወሬው በተሰማ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን በርእሰ አንቀጹ ላይ ዕቅዱን «የግመሎች መተላለፊያ» ብሎ ሰየመው። ቃሉ ከተማውን ዞረ። አንድ መንግሥት በጠላቱ ፊት ላይወድቅ ይችላል፤ በወዳጁ ጋዜጣ ሲሳቅበት ግን መቆም ያቅተዋል።

ከጋዜጣው ይልቅ ብርቱ የነበረው የደብዳቤው ጎርፍ ነው። ወግ አጥባቂ እንደራሴዎች ከየመረጣቸው አውራጃ በየቀኑ በሚመጣላቸው የቁጣ ደብዳቤ ተጨነቁ። የፓርቲው ሽማግሌ፣ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኦስተን ቼምበርሌን፣ ለሆር አልቆመለትም። ኋላ ስሙ የገነነው ቸርችል በእነዚያ ሳምንቶች ከአገር ውጭ ለዕረፍት ሄዶ ዝም ብሎ ነበር፤ ስለዚህ በተማሪዬ ላይ የቀለድሁት ቀልድ እንኳ ስሕተት ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን ሆር ሥራውን ለቀቀ። በማግሥቱ አፍንጫው እንደ ታሸገ በምክር ቤት ቆሞ ዕቅዱን ተከላከለ፤ ቦልድዊን ደግሞ ተነሥቶ ዕቅዱ ሞቷል አለ።

እንግዲህ ልጁ ልክ ነበር። የእኔስ ዐረፍተ ነገር ሐሰት ነበር? እርሱም ሐሰት አልነበረም፤ ሆርም ቦልድዊንም ወግ አጥባቂ ነበሩና። ስሕተቱ አንድ ስም አንድ ልብ ያለው መስሎኝ መቆየቴ ነው። በዚያ ክረምትና በጋ በእንግሊዝ አገር «ወግ አጥባቂ» በሚባለው ስም ሥር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰው ይጽፍ ነበር።

የመጀመሪያው ሎርድ ሮዘርሚርና የእርሱ ጋዜጣ «ዴይሊ ሜይል» ነው። እነዚህ ሙሶሊኒን ያደንቁት ነበር፤ ሥርዓት አመጣ፣ ሶሻሊስቶችን አጠፋ፣ አሁን ደግሞ ለአረመኔ አገር ሥልጣኔ ሊያመጣ ነው ይሉ ነበር። በእነርሱ ላይ ብዙ ቀለም አላጠፋም።

ሁለተኞቹ ግን ያደከሙኝ ናቸው። በጋዜጣ በኩል የ«ኦብዘርቨር» አዘጋጅ ጋርቪን፣ በምክር ቤት በኩል ሊዮ ኤመሪ ዋናዎቹ ነበሩ። የሚሉት በአጭሩ እንዲህ ነው። ጀርመን እየታጠቀች ነው። በሚያዝያ 1927 ኢጣልያ በስትሬዛ ከእኛና ከፈረንሳይ ጋራ ቆማለች። ስለ አንድ ሩቅ አገር ብለን ይህን ወዳጅ ወደ ሂትለር እንግፋውን? ቅጣቱ ደካማ ከሆነ ሙሶሊኒን ያስቆጣዋል እንጂ አያቆመውም፤ ብርቱ ከሆነ ጦርነት ነው። ለመዋጋት ያላሰበ ሰው እንደሚዋጋ ሆኖ አይናገር። በሰኔ 1927 ሰር ጆን ማፊ የመራው የመንግሥት ኮሚቴም ከጣና ሐይቅና ከዓባይ ውሃ በቀር እንግሊዝ በኢትዮጵያ ይህ ነው የሚባል ብርቱ ጥቅም የላትም ብሎ ነበር። ይህን የምስጢር ጽሑፍ የኢጣልያ ሰላዮች ሰርቀው ሙሶሊኒ እጅ አግብተውት ኖሮ፣ በየካቲት 1928 አንድ የሮማ ጋዜጣ አሳተመው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ ተናደድሁ፤ ቀጥሎ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ራሴን ጠየቅሁ። እኔ በሎንዶን የጋዜጣ አዘጋጅ ብሆን፣ ከአንዱ ጦርነት ወጥቶ ሃያ ዓመት እንኳ ላልሞላው ሕዝብ፣ ለማላውቀው አገር ልጆቻችሁን ስጡ ብዬ እጽፍ ነበርን? እጽፍ ነበር ብዬ ብምል እዋሻለሁ። «ለመዋጋት ያላሰበ ሰው እንደሚዋጋ ሆኖ አይናገር» የሚለውን ቃላቸውንም ልጠላው አልቻልሁም። የጳጉሜን 6ቱ የሆር ንግግር የጎዳን በዚህ ነውና፤ ለሰሚው ተስፋ ሰጠ፣ ተናጋሪው ግን አልቆመበትም። በሌላ በኩል እነዚህ ሰዎች «እውነተኛውን ሒሳብ የምናሰላ እኛ ነን» ባዮች ስለ ነበሩ ሒሳባቸውን በሒሳብነቱ ልናየው ይገባል። ኢትዮጵያን ካጡ በኋላ ኢጣልያንስ አገኟት? በጥቅምት 1929 ሙሶሊኒ ስለ ሮማና በርሊን «አክሲስ» ተናገረ፤ በታኅሣሥ 1930 ከማኅበሩ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሦስተኞቹ ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ናቸው። በሰኔ 1927 ውጤቱ በታወቀው «የሰላም ድምፅ» በተባለው የሕዝብ መጠይቅ ከ11 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው መልስ ሰጥቶ ነበር፤ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጠው ጠብ አጫሪን በኤኮኖሚ መቅጣት ይገባል አለ፤ በጦርም ቢሆን ይቀጣ ያለው ከ6 ሚሊዮን ያላነሰ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ብዙው ወግ አጥባቂዎችን መርጦ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ ድምፁን የሰጠበት ቃል ፓሪስ ላይ ሲታጠፍ በጋዜጣ አነበበ። ተቆጣ። እኛን ስለ ወደደ ይመስልሃልን? አብዛኛው ኢትዮጵያ በካርታ ላይ የት እንዳለች ማሳየት የሚችል አይመስለኝም። የተቆጣው በእርሱ ስም የተሰጠ ቃል ስለ ታጠፈ ነው። በእኛ ቋንቋ «ወግ አጥባቂ» ስንል ወጉን የሚጠብቅ ሰው ማለታችን ነው፤ በአገራችን ሽማግሌዎች ዘንድ ደግሞ ቃልን ከመጠበቅ የሚበልጥ ወግ የለም። በዚህ ትርጉም ከሆነ በዚያ ሳምንት እውነተኛዎቹ ወግ አጥባቂዎች ሚኒስትሮቹ ሳይሆኑ መራጮቹ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ክርክር የሚቆመው ከአዲስ አበባ በሚሄደው ወሬ ላይ ነበርና አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ጦርነቱ ሲጀመር ከመቶ የማያንሱ የውጭ አገር ጋዜጠኞችና ፎቶግራፍ አንሺዎች አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ወደ ጦሩ ግንባር ለመሄድ ፈቃድ አጡ፤ ቴሌግራሙ ውድ ነው፤ ሳንሱር አለ፤ የሎንዶንና የኒውዮርክ አዘጋጆች ግን በየቀኑ ጦርነት ይፈልጋሉ። ወሬ ያጣ ወሬ ነጋሪ ምን እንደሚያደርግ አንተው ገምት። በነሐሴ 1927 ማብቂያ ግን አንድ እውነተኛ ወሬ ነበረ፦ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ የአገሪቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍን የነዳጅ ዘይት ፍለጋ ፈቃድ ከመንግሥታችን ተቀበለ፤ ከበስተጀርባው ግን የአሜሪካ ኩባንያ ነበረ። ዋሽንግተን ተጫነችና በጥቂት ቀን ውስጥ ውሉ ፈረሰ። ወሬውን በመጀመሪያ ካገኙት አንዱ የ«ዴይሊ ቴሌግራፍ» ወኪል ነበረ። የ«ዴይሊ ሜይል» ወኪል ኤቭሊን ዎ ያን ጊዜ በሐረርና በጅጅጋ በኩል የአንድ ፈረንሳዊ የስለላ ወሬ ሲያሳድድ ስለ ነበር ትልቁ ወሬ አመለጠው።

ኤቭሊን ዎ ወግ አጥባቂ ነው፤ ታላቅ ደራሲም ነው። በ1930 «ስኩፕ» በተባለው ልብ ወለዱ በጋዜጠኞች ላይ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ያስቃል፤ ራሱንም አልማረም። ነገር ግን ወደ አገራችን ሲመጣ ፍርዱን ከሎንዶን ይዞት መጥቶ ነበር። የመርዙን ጋዝ ነገር አቃልሎ ጻፈ፤ ከወረራው በኋላ ተመልሶ ግራዚያኒን አግኝቶ ኢጣልያኖች የሠሩትን መንገድ አመሰገነ። ከዚያው ከወግ አጥባቂ ጋዜጣ ወገን፣ ከ«ታይምስ»፣ የመጣው ጆርጅ ስቲር ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ፣ ሲደርስ ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ወጣት ነበረ። ይህን ሳነብ ተሸማቀቅሁ፤ ዕድሜያችን አንድ ነው፤ እኔ በዚህ ዕድሜ በአንድ ዝምተኛ ልጅ ላይ ክፍል አሥቄበታለሁ። ስቲር ኦጋዴን ድረስ ወርዶ ምሽጉንና ወታደሩን አይቶ ጻፈ፤ ስለ ጋዙ ጻፈ፤ ኢጣልያኖች አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በግንቦት 1928 አባረሩት። በዓመቱ በስፔን የጌርኒካን መቃጠል ለዓለም ያሰማው እርሱ ነው። በ1933 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተመልሶ መጣ።

እዚህ ላይ ለአንዳንድ አንባቢ የማይጥም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። «ዴይሊ ሜይል» እኛን «የባሪያ አገር» እያለ ይጽፍብን ነበር። ውሸት ነበርን? ውሸት አልነበረም። በመስከረም 1916 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስንገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ሰጥተን ነበር፤ በ1928 ግን ገና አልጠፋም ነበር። ያ ጋዜጣ እውነቱን የተጠቀመበት ቦምብ ለሚጥል ሰው ምክንያት ለመስጠት ነው፤ እኛም ይህን እያወቅን እውነቱን ከልጆቻችን ደብቀናል። ይህን ምዕራፍ በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ዘልዬው አልፍ ነበር። ከአሁን በኋላ አልዘለውም።

ያ ሁሉ የቁጣ ደብዳቤ ለእኛ ምን አተረፈልን? ቁጣው ዐሥር ቀን ያህል ቆየ። ሆር ሲወርድ፣ ወጣቱ ኢደን ሲሾም፣ መራጩ ቃሉ የተጠበቀለት መስሎት ወደ ገናው በዓል ሄደ። የነዳጁ ቅጣት አልመጣም። በዚያው በታኅሣሥ ወር በተከዜ በኩል የመርዝ ጋዝ መውረድ ጀመረ። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ሆር ከወረደ ስድስት ወር ሳይሞላው ተመልሶ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆነ፤ ይህን ጊዜ እንደራሴዎቹን የሚያስጨንቅ የደብዳቤ ጎርፍ አልመጣም። ሰኔ 3 ቀን 1928 ኔቪል ቼምበርሌን በአንድ የወግ አጥባቂዎች የራት ክበብ ላይ ቅጣቱን ከእንግዲህ መቀጠል እብደት ነው ብሎ ተናገረ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ሊናገሩ ሲቆሙ ከላይ ሆነው ያፏጩባቸው የኢጣልያ ጋዜጠኞች ነበሩ። በሐምሌ ቅጣቱ ተነሣ። «የግመሎች መተላለፊያ» ብሎ የጻፈው ያው «ታይምስ» በጳጉሜን 1930 ቼኮዝሎቫኪያ ጀርመኖች የሚኖሩበትን የጠረፍ መሬቷን ብትለቅ ይሻላል የሚል ርእሰ አንቀጽ አወጣ፤ አዘጋጁም ያው ዶውሰን ነበረ።

ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ያወጀው ሰኔ 3 ቀን 1932 ነው። ቼምበርሌን በራት ክበቡ ከተናገረ ልክ አራት ዓመት፤ በቀኑ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። አንድ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ዜሮው ስሕተት እንደ ነበረ፣ ቀልዱም ነውር እንደ ነበረ በሁሉም ፊት ተናገርሁ። አልሳቁም፤ አላጨበጨቡምም፤ አስተማሪ ይቅርታ ሲጠይቅ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም። ልጁ «ግድ የለም፣ መምህር» አለ። ወረቀቱን አምጣ አልሁትና ከሦስት ሁለት ሰጠሁት። አንዷን ያስቀረሁት በስስት አይደለም፤ ከሥሩ «ከተቆጡ በኋላስ ምን አደረጉ?» ብዬ ጻፍሁበት።

ይህን ከየት እንዳነበበው ጠየቅሁት፤ አያቱ ቤት ከነበረ ሽፋኑ ከወለቀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መሆኑን ነገረኝ። የስቲርን «ቄሣር በአቢሲንያ» ጥቂት ምዕራፎች ኮፒ አስነሥቼ ሰጠሁት። እንግሊዝኛው ስለሚከብደው ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በባዶው ክፍል ሁለት ሁለት ገጽ አብረን እናነባለን። እርሱ የቃላቱን ትርጉም ይጠይቀኛል፤ እኔ የማላውቀውን መዝገበ ቃላት እናያለን። ሰሞኑን ኦጋዴን ደርሰናል።